ቀለቡና ውሉ፤ ስለ መምህርነት ስኮላርሺፕ ታሪክ

«ስኮላርሺፕ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፓስፖርትና አውሮፕላን ነው። እገሌ ውጭ አገር ተላከ፣ ካፖርት ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ መጣ፣ ሰፈሩ ጉድ አለ፤ ወሬው ይኸው ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ የማይላክበት፣ ሽኝትም የማይደገስለት ሌላ ዓይነት ስኮላርሺፕ አለ። መንግሥት አንዱን ወጣት ይጠራና «እኔ አበላሃለሁ፣ አስተኛሃለሁ፣ አስተምርሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ስትጨርስ ይህን ያህል ዓመት የሰው ልጅ ታስተምርልኛለህ» ይለዋል። ወጣቱም ይፈርማል። ከቤቱ ገንዘብ ስለሌለ የሚከፍለው በዕድሜው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው የዚህን ውል ታሪክ ነው። ጥያቄያችንም ሁለት ነው። ውሉ ለማን በር ከፈተ? ደግሞስ የፈረመውን ሰው በእርግጥ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አስቀርቶታል ወይ?

ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት ከራሳችን ደጅ እንጀምር። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ለዘመናት የኖረው በስኮላርሺፕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቆሎ ተማሪው ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ውሻው ይነክሰዋል፣ ብርዱ ይቆላዋል፤ ባላገሩም ካለችው ላይ ቁራሽ ይሰጠዋል። ዜማውን ወይም ቅኔውን ወይም ትርጓሜውን እስኪዘልቅ ዓመታት ይፈጃል። ያ ሁሉ ቀለብ የመጣው ከገበሬ ጎተራ ነው። ማንም ወረቀት አላስፈረመውም። ነገር ግን ሲያስመሰክር ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል፤ የእሱም ተማሪ በተራው ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። እርግጥ ይህን ሥርዓት አሳምረን ብቻ አንሣለው። ለሴት ልጅ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነበር፤ ረሃብና በሽታም ብዙውን ልጅ ከመንገድ አስቀርቷል። ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው፤ ቀለብ ነበረ፣ ውል አልነበረም፣ መምህር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ለምን ቢሉ የመምህሩ ክብር ራሱ ስለሚጠራ።

ውል ያለበት ቀለብ በትልቁ የመጣው በፈረንሳይ አብዮት ነው። በ1794 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የአብዮቱ ሸንጎ በፓሪስ «ኤኮል ኖርማል» የተባለ የመምህራን ትምህርት ቤት እንዲከፈት ወሰነ። ለ20,000 ነዋሪ አንድ ሰው እየተመረጠ ከየአውራጃው ይላክ፣ ዕድሜው ከ21 አይነስ፣ ለኑሮው በዓመት 1,200 ፍራንክ ይቆረጥለት ተባለ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ፓሪስ ገባ። ካስተማሩአቸው መካከል ላግራንዥና ላፕላስን የመሰሉ የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩበት። ግን ነገሩ ጥድፊያ ነበርና በ1795 መጀመሪያ የተከፈተው ትምህርት አራት ወር ያህል ቆይቶ ተዘጋ።

ናፖሌዎን በ1808 ትምህርት ቤቱን እንደገና ሲያቋቁም ውሉን አጠበቀው። በመንግሥት ቀለብ የሚማረው ወጣት 10 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲያገለግል ተገደደ፤ በምትኩ ከውትድርና ምልመላ ነጻ ሆነ። ጦርነት በየዓመቱ ወጣቱን በሚበላበት ዘመን ይህ ቀላል ስጦታ አልነበረም። እንግዲህ ያን ጊዜ መምህርነትን የመረጠው ሁሉ በትምህርት ፍቅር ተቃጥሎ ነው ብሎ የሚምል ይኖር ይሆን? የአሥር ዓመቱ ግዴታ ግን በፈረንሳይ ረጅም ዕድሜ አገኘ። በ1957 የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጥረት ሲጠና መንግሥት ለዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ጭራሽ ደመወዝ መክፈል ጀመረ፤ ተማሪውም 10 ዓመት አስተምራለሁ ብሎ ይፈርም ነበር። የሠራተኛና የገበሬ ልጆች በዚያ በር ገቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመምህር ፍላጎቱ ቀነስ ሲል በሩም ተዘጋ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በሩ የተከፈተው ድሃው ስለጮኸ አይደለም፤ መንግሥት መምህር ስላጣ ነው።

እንግሊዝም በራሷ መንገድ ሄደችበት። በ1846 እ.ኤ.አ. ኬይ ሻትልወርዝ የተባለው የትምህርት ጉዳይ ባለሥልጣን አንድ ዘዴ አወጣ። ጎበዝ ልጅ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ለአምስት ዓመት «ተማሪ መምህር» ሆኖ ይቀጠራል። ቀን ትንንሾቹን ያስተምራል፣ ከሥራው ሰዓት ውጭ እሱ ራሱ ይማራል። በመጀመሪያው ዓመት 10 ፓውንድ፣ በአምስተኛው 20 ፓውንድ ይከፈለዋል። መጨረሻ ላይ ፈተና ያልፍና «የንግሥት ስኮላር» ተብሎ በመንግሥት ወጪ የመምህራን ማሠልጠኛ ይገባል። የእጅ ሙያተኛና የወዛደር ልጅ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መሰላል አይተው አያውቁም ነበር።

ብዙም አልቆየ፤ በ1862 ሮበርት ሎው የተባለው ሹም «ወጪ በዛ» ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ። የትምህርት ቤቱ ድጎማ ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና በሚያገኙት ውጤት ይለካ ተባለ። የተማሪ መምህራኑም ቁጥር ከዚያ ወዲያ አሽቆለቆለ። የስኮላርሺፑ ፈተና እንዳለ ነው፤ የሚጠብቃቸው ሥራ ግን ተበላሸ። ይህን ነገር እንያዘው፤ ኋላ ወደ እኛ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ከ1890 ጀምሮ ማሠልጠኛዎች ከዩኒቨርስቲ ኮሌጆች ጋር እየተያያዙ መጡ። ደራሲው ዲ. ኤች. ሎረንስ የዚህ በር ልጅ ነው። አባቱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ልጁ የንጉሥ ስኮላርሺፕ የተባለውን ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ ቢያልፍም የመግቢያ ገንዘብ ለማጠራቀም መጀመሪያ ያለ ሰርተፊኬት ማስተማር ነበረበት። ከ1906 እስከ 1908 በኖቲንግሃም ተምሮ በክሮይደን መምህር ሆነ። ሦስት ዓመት ከምናምን አስተማረ፤ ታመመ፣ ተወው። እንግሊዝ አንድ መምህር ከሰረች፣ አንድ ትልቅ ደራሲ አተረፈች። ሎረንስን በውል ማሰር ይቻል ነበር፤ ማን ይጠቀም ነበር?

ቆይቶም ለዲግሪና ለማሠልጠኛ አራት ዓመት የሚከፍል እርዳታ መጣ። ተማሪው «መምህር እሆናለሁ» ብሎ ቃል ይፈርማል። ዩኒቨርስቲን እንጂ መምህርነትን ያልፈለገ ስንቱ ድሃ ልጅ ሌላ በር አጥቶ ፈረመ! በ1951 ያ የቃል ኪዳን ፊርማ ተሰረዘ። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ተርቦ የተፈረመ ቃል የሚያቆየው አካልን እንጂ ልብን እንዳልሆነ እንግሊዞቹ የገባቸው ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተፈጀ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሕንጻ ይገኛል፣ መምህር ግን ከየት ይምጣ? በ1936 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ፤ ቆይቶም በሐረር፣ በአሥመራ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ቦታዎች ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ነበርና ትምህርቱም፣ መኝታውም፣ ምግቡም በመንግሥት ነበር። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም የትምህርት ፋኩልቲ አንዱ ክፍል ሆነ። በዚያው ዘመን በስድስት ኪሎ የበእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን እየመረጠ፣ እያሳደረና እየቀለበ 11ኛና 12ኛ ክፍልን ያስተምራቸው ነበር፤ መምህር ይሆናሉ ተብሎ። የገጠር ከተማ ልጅ፣ ወላጆቹ አዲስ አበባን በወሬ የሚያውቋት፣ ዩኒቨርስቲውን የረገጠው በዚህ በር ነው። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

እጥረቱ ግን አልሞላም። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። የአገሬው ልጅስ? ለእሱ የመጣው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የዩኒቨርስቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አላገለግልም ያለ ዲግሪ የለውም። አብዛኛው የተመደበው በመምህርነት ነው። ሕግ የሚማረውም፣ ምሕንድስና የሚማረውም ጠመኔ ጨበጠ።

ይህ ውል ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። የከተማ ልጅ ጭሰኛውን ያየው ያን ጊዜ ነው። እርቦውን፣ ሢሶውን፣ የባለርስቱን አጋፋሪ፣ ባዶ እግሩን ሁለት ሰዓት ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርሰውን ሕፃን በዓይኑ አየ። አገልግሎቱ በተጀመረበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ ተመላሹ ለዚያ መፈክር በዓይን ያየውን ምስክርነት ጨመረበት። መንግሥት በርካሽ መምህር ለማግኘት የላከው ልጅ ስለ ገበሬው የሚመሰክር ሆኖ ተመለሰ።

በመምህርነት የቀረው ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመው። ደመወዙ ትንሽ፣ እድገቱ ዘገምተኛ፣ ዝውውሩ ጭንቅ። የተሻለ መሥሪያ ቤት ያገኘ ይሄዳል። መንግሥት ግን ሥራውን ከማሻሻል ይልቅ ሌላ ምልምል ማሠልጠኑ ላይ በረታ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። በመጨረሻ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት ሐሳብ ሲሰማ ገነፈለ። ጥናቱ ብዙኃኑ መሠረታዊ ትምህርት ቀምሶ ወደ ሥራ እንዲገባ፣ ወደ ላይ የሚያልፈውም ጥቂቱ እንዲሆን የሚያስብ ነበር። ወላጅ «ልጄ ሊቀር ነው» አለ፤ መምህሩም የቆየ የደመወዝ ጥያቄውን ይዞ ተነሣ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። የዚያ ዓመት አብዮት ከፈነዳባቸው ክብሪቶች አንዱ በቀለብና በውል የሠለጠነው መምህር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ላከ፤ ይኸኛው ውል ፊርማ እንኳ አልጠየቀም። በደርግም ዘመን የዩኒቨርስቲ ተማሪ በነጻ እየበላ፣ በነጻ እያደረ ይማር ነበር፤ ሲመረቅ መንግሥት ወደ መደበው ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን፣ ምግቡንና መኝታውን ጨምሮ፣ ተቀጥሮ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ መምህር ለመሆን የሚሠለጥነው ግን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ ተከፈተለት። እነሆ፣ የናፖሌዎን ውል በሌላ ልብስ።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ጥያቄዎቻችን። ውሉ በር ከፍቷል ወይ? አዎን፣ ያለ ጥርጥር። በፓሪስም፣ በኖቲንግሃምም፣ በስድስት ኪሎም የድሃ ልጅ የገባው በዚህ በር ነው። መምህሩን አስቀርቶታል ወይ? እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱን ይነቀንቃል። የፈረመው ሁሉ ዓመቱን ቆጥሮ የሚወጣ ከሆነ ውሉ ያፈራው መምህር ሳይሆን ግዞተኛ ነው። ልጆችም ያውቁበታል፤ ከፊታቸው የቆመው ሰው እያስተማረ ይሁን ዕዳ እየከፈለ፣ ከድምፁ ይለዩታል።

ደግሞ አንድ የፍትሕ ነገር አለ። ዕዳውን በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚችለው ከፍሎ ይገላገላል፤ የሌለው በዕድሜው ይከፍላል። በዚህ ዓይነት መምህርነት የድሃ ልጅ ዕዳ መክፈያ እየሆነ ይሄዳል፤ ዕዳ መክፈያ የሆነ ሙያ ደግሞ አይከበርም። ስለዚህ ስኮላርሺፑ ይቅር አንልም፤ ይስፋ እንላለን። ግን የውሉ ዓመት አጭርና የታወቀ ይሁን፤ ፈራሚው የሚፈርመውን አውቆ፣ ሌላም በር እያለው ይፈርም። ከሁሉም በላይ ለቀለቡ የሚመደበውን ያህል ሐሳብ ለሥራው ይመደብ፤ ለደመወዙ፣ ገጠር ወርዶ ለሚያድርባት ክፍል፣ ለእድገቱ። እንግሊዝ በ1862 ስኮላርሺፑን ትታ ሥራውን ብታበላሽ አመልካች አጣች፤ እኛም እስከ 1966 ድረስ ሥራውን ችላ ብንል የሆነውን አየን።

ለነገሩ የመንግሥት ቀለብ የምንለውም ቢሆን ምንጩ ያው ነው። ድሮ ቁራሹን በደጁ የሰጠው ገበሬ ኋላም በግብር ሰጥቶታል፤ በሁለቱም ጊዜ ፊርማ አልጠየቀም። የጠየቀው ልጁን የሚያስተምርለት ሰው ነው። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ውል የከበደ ነው፤ የሚመለሰውም ገጠር ወርዶ ዓመቱን ሳይቆጥር በሚቀመጥ መምህር ብቻ ነው።