የቅዱስ ኬቪን ሸለቆና ተረቶቹ

በአየርላንድ የዊክሎ ተራሮች መካከል፣ ሁለት ሐይቆች ባሉበት በግሌንዳሎክ ሸለቆ፣ ከአንድ ወጥ ግራናይት የተጠረበ መስቀል ቆሟል። ጌጥ የለውም። ግንዱን አቅፎ የሁለት እጁን ጣቶች ከበስተኋላ ያገናኘ ሰው የተመኘው ይሞላለታል ይባላል፤ ክንደ አጭር ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ግን የለም።

ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዘመን የመሠረተው ቅዱስ ኬቪን ነው። እጁን በመስኮት ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መዳፉ ላይ እንቁላል ጣለች፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉም እጁን አላጠፈም። ይህን በ12ኛው መቶ ዘመን ዌልሳዊው ቄስ ጌራልድ ጽፎታል። የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው ውሃ ያጠጡትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ለሚያውቅ አንባቢ ታሪኩ ባዳ አይሆንበትም።

ሌሎቹ ተረቶች ግን ከገዳሙ በዕድሜ ብዙ ያንሳሉ። ንጉሥ ኦቱል መብረር ያቃታት አሮጊት ዝይ ነበረችው። ኬቪን፣ «ወጣት ባደርጋት ዞራ የበረረችበትን መሬት ትሰጠኛለህ?» አለው። ንጉሡ እሺ አለ፤ ዝይቱም ሸለቆውን በሙሉ ዞረችው። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ኦቱሎች ከኪልዴር ተገፍተው በእነዚህ ተራሮች የሰፈሩት ኖርማኖች አየርላንድን ከወረሩ በኋላ፣ ቅዱሱ ካረፈ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የካትሊን ተረት ደግሞ ይብሳል። ከላይኛው ሐይቅ በላይ፣ በገደሉ ላይ፣ «የኬቪን አልጋ» የሚሏት ጠባብ ዋሻ አለች። ቅዱሱ እዚያ የተከተለችውን ቆንጆ፣ ካትሊንን፣ ገፍትሮ ሐይቅ ውስጥ ጣላት ይባላል። በላቲን የተጻፈው ገድል የሚለው ሌላ ነው፤ ሴትዮዋን በሳማ ገረፋት፣ እሷም ንስሐ ገባች። ሐይቁን የጨመሩበት የኋላ ተራኪዎች ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገጣሚው ቶማስ ሙር በዜማ አሰራጨው፣ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዋሻዋ የሚያደርሱ አስጎብኚዎችም አጣፍጠው ያወሩት ነበር። ገፍትሮ የሚገድል ቅዱስ ከሚገርፍ ይልቅ ለወሬ ይመቻል።

የቅዱሱ ዓመታዊ በዓል የሚውለው በፈረንጆቹ ጁን 3 ነበር። ሰዓሊው ጆሴፍ ፒኮክ በ1813 ድንኳኑንና ግርግሩን በሸራ ላይ አስቀርቶታል። ጸሎቱን ውስኪ፣ ውስኪውንም የጎራ ዱላ ድብድብ ይከተለው ስለነበር የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ፖል ከለን በ1862 በዓሉን አስቆሙት። ከ14 ዓመት በኋላ መንግሥት የገዳሙን ፍርስራሽ ሲያስጠግን፣ የ30 ሜትሩ ክብ ግንብ ጣሪያ ከወደቁት የራሱ ድንጋዮች ተመልሶ ተሠራ።