ጥቂት የተጓዘን ተሽከርካሪ ከመደበኛ ወደ ሲንተቲክ የሞተር ዘይት ማዛወር፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና አፈጻጸሙ

የሞተር ዘይት በሞተር ውስጥ እርስ በርስ የሚፋተጉ ብረቶችን ያለሰልሳል፣ ሙቀትን ይቀንሳል፣ ጥላሸትና ዝቃጭን ይዞ ወደ ማጣሪያው ያደርሳል፣ ብረትንም ከዝገት ይከላከላል። ይህን ተግባር የማይወጣ ዘይት የያዘ ሞተር ዕድሜው ያጥራል። በአገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤቶችና በግለሰቦች እጅ የሚገኙት አውቶሞቢሎች በቀላሉ የማይተኩ ንብረቶች ሆነዋል።

ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቀኑን በግቢ ቆመው ጠዋትና ማታ አጭር መንገድ የሚሄዱ፣ በዓመትም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የሚጓዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ ከመደበኛው (ሚኒራል) ዘይት ወደ ሲንተቲክ ማዛወር ይጠቅማል ወይ? ሞተሩንስ ይጎዳል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ለስምሪትና ለንብረት አስተዳደር ኃላፊዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡ በመሆናቸው፣ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ተብራርተዋል።

የሁለቱ ዘይቶች ልዩነት

መደበኛው ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚገኝ ሲሆን፣ መጠናቸውና ቅርጻቸው የተለያየ ሞለኪውሎችን ይዟል። ሲንተቲክ ዘይት ግን በኬሚካላዊ ሂደት የተሠራ ወይም በከፍተኛ ደረጃ የተለወጠ በመሆኑ ሞለኪውሎቹ ይበልጥ ተመሳሳይ ናቸው። ስለሆነም በቅዝቃዜ ቶሎ አይወፍርም፣ በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ አይቀጥንም፣ በትነትና በኦክስጅን ምክንያት የሚደርስበት ጉዳትም አነስተኛ ነው።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤፒአይ) የዘይት መሠረቶችን በአምስት ምድብ ይከፍላል። አራተኛው ምድብ በፋብሪካ የሚቀመም ሲሆን፣ ሦስተኛው ምድብ ከድፍድፍ ነዳጅ ተነስቶ በሃይድሮጅን በጥልቀት የተጣራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በሁለት ዘይት አምራቾች መካከል በተነሳ የማስታወቂያ ክርክር፣ ሦስተኛው ምድብም ሲንተቲክ ተብሎ እንዲሸጥ የሚያስችል ውሳኔ ተሰጥቷል። በመሆኑም በዕቃው ላይ የተጻፈው “ሲንተቲክ” የሚለው ቃል ብቻውን የጥራት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር (ትሪፕል ኤ) እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ሲንተቲክ ዘይቶች በተደረጉት ፍተሻዎች ከመደበኛዎቹ በአማካይ 47 በመቶ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን በከባድ ቅዝቃዜ በሚነሱ፣ ተርቦ በተገጠመላቸው፣ ጭነት በሚጎትቱና በከፍተኛ ሙቀት በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ነው።

ማዛወሩ ሞተሩን ይጎዳል ወይ?

ሲንተቲክ ዘይት የጎማ ማሸጊያዎችን አበላሽቶ ዘይት ያስፈስሳል የሚለው ስጋት መነሻ አለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት አንዳንድ ቀደምት ሲንተቲክ ዘይቶች የማሸጊያ ጎማዎችን ያኮማትሩ ነበር። ይህ ጉድለት ከጊዜ በኋላ በቅመማው ላይ በተደረገ ማሻሻያ ተወግዷል። ዛሬ ፍሳሽ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ማሸጊያቸው በዕድሜ ብዛት በደረቀና በተሰነጠቀ አሮጌ ሞተሮች ላይ ነው። ጥቂት የተጓዘና ዕድሜው ያልገፋ ሞተር ማሸጊያው ያልደረቀ፣ ዝቃጩም አነስተኛ በመሆኑ ለለውጡ አመቺ ነው። ሆኖም የተጓዘው ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የቆመ ተሽከርካሪ ጎማው በጊዜ ብዛት ሊደርቅ ስለሚችል፣ ከለውጡ በፊት መፈተሽ አለበት።

አዲስ ሞተር አስቀድሞ በመደበኛ ዘይት “መፈታታት” አለበት የሚለው አስተሳሰብም በአሁኖቹ ሞተሮች ላይ አይሠራም። የሼቭሮሌት ኮርቬት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. ከ1992 ሞዴል ጀምሮ ከፋብሪካ የሚወጣው ሲንተቲክ ዘይት ተሞልቶለት እንደነበር ይታወቃል። ሁለቱን ዘይቶች መቀላቀልም ጉዳት የለውም። በመንገድ ላይ ዘይት ቢጎድል ተመሳሳይ የውፍረትና የጥራት ደረጃ ያለው መደበኛ ዘይት መጨመር ይቻላል። ወደ ሲንተቲክ የተዛወረ ሞተርም የአምራቹ መመሪያ እስከፈቀደ ድረስ ወደ መደበኛው ሊመለስ ይችላል።

አጭር ጉዞ በዘይት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጥቂት የሚጓዝ ተሽከርካሪ ዘይቱ አይጎዳም ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ የሚወጣ ቢሆንም የተወሰነው ከጥቂት ያልተቃጠለ ነዳጅ ጋር በፒስተን ቀለበቶች በኩል ወደ ዘይቱ ይገባል። ሞተሩ በበቂ ሁኔታ ሞቆ ለተወሰነ ጊዜ ከተጓዘ ይህ እርጥበት ተንኖ ይወጣል። በየቀኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ የሚቆም ሞተር ግን ዘይቱ በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ ውኃውና ነዳጁ እየተጠራቀሙ አሲድና ዝቃጭ ይፈጥራሉ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት መሰል አረፋ የዚሁ ምልክት ሊሆን ይችላል። አረፋው ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ከታየ ግን የከፋ ብልሽት ሊኖር ስለሚችል በባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

አምራቾች ተደጋጋሚ አጭር ጉዞን፣ ሞተርን አስነስቶ ለረጅም ጊዜ መቆምን፣ በዝግታ መጓዝንና አቧራማ መንገድን “ከባድ አጠቃቀም” በሚል የሚመድቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሲንተቲክ ዘይት ከመደበኛው የተሻለ ቢሆንም ውኃና ነዳጅ እንዳይገቡበት ማድረግ አይችልም። አሲዱን የሚያመክኑት ተጨማሪ ቅመሞችም በሁለቱም ዓይነት ዘይት ውስጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ያልቃሉ።

የወጪው ስሌት

የሲንተቲክ ዘይት ዋና የቁጠባ ምክንያት ተደርጎ የሚቀርበው የመለወጫ ጊዜውን ማራዘሙ ነው። ይህ እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል። ለማሳያ ያህል ሞተሩ 4 ሊትር ዘይት የሚይዝ፣ መመሪያው መደበኛ ዘይት በየ5 ሺህ፣ ሲንተቲክ ደግሞ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ የሚያዝለት ተሽከርካሪ ይወሰድ። የሲንተቲኩ ዋጋ የመደበኛው እጥፍ ነው እንበል።

በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ በመደበኛ ዘይት አራት ጊዜ፣ በሲንተቲክ ሁለት ጊዜ ይለወጥለታል። የዘይቱ ወጪ እኩል ሲሆን፣ ማጣሪያ፣ የእጅ ዋጋና ተሽከርካሪው በጋራዥ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዓመት 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ግን ወሳኙ ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን የጊዜ ገደቡ ነው። መመሪያው ለሁለቱም ዘይቶች 12 ወር የሚያዝ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጡ አይቀርም፤ ሲንተቲኩም የዘይቱን ወጪ በእጥፍ ያሳድጋል። ለመደበኛው 6 ወር፣ ለሲንተቲኩ 12 ወር የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ የዘይቱ ወጪ ይመጣጠናል፤ የማጣሪያና የእጅ ዋጋ ይቀንሳል።

ትልቁ አደጋ ያለው በሌላ በኩል ነው። ዘይቱ ሲንተቲክ በመሆኑ ብቻ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ቢጠበቅ፣ ይህ ተሽከርካሪ በአንድ ዘይት ሁለት ዓመት ተኩል ይቆያል። እንዲህ ከሆነ ውዱ ዘይት የተገዛው ሞተሩን ለመጠበቅ ሳይሆን ለማበላሸት ይሆናል።

የአየር ጠባይና የዘይት ውፍረት

በዘይት ዕቃ ላይ ከሚታየው “5ደብልዩ-30” ከመሰለው ምልክት የመጀመሪያው ክፍል ዘይቱ በቅዝቃዜ ያለውን አፈሳሰስ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። የ5ደብልዩ ዘይት በሞተር ማስነሻ ፍተሻ የሚለካው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የ10ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች በ25 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝና ጠዋቷ የሚቀዘቅዝ ብትሆንም ለእንዲህ ያለ ውርጭ የተጋለጠች አይደለችም። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገሮች ከሲንተቲክ ዘይት የሚገኘው ጥቅም በከተማዋ በዚያው መጠን አይገኝም። በሌላ በኩል እንደ ሰመራና ጋምቤላ ወዳሉ ሞቃት አካባቢዎች ለመስክ ሥራ ለሚመላለስ ተሽከርካሪ የሙቀት መቋቋም ችሎታው ይጠቅማል።

በአፈጻጸም ረገድ ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ የአምራቹ መመሪያ ሲንተቲክ ዘይት የሚያዝ ከሆነ በሌላ መተካት አይገባም። መመሪያው ሁለቱንም የሚፈቅድ ከሆነ ውሳኔው ከላይ በተመለከተው ስሌትና አጠቃቀም ላይ ይመሠረታል።

ሁለተኛ፣ በግዥ ሰነድ ላይ “ሲንተቲክ” ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የውፍረት ደረጃውንና የኤፒአይ የጥራት ደረጃውን መግለጽ ያስፈልጋል። ለቤንዚን ሞተር የ“ኤስ” ተከታታይ ደረጃዎች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ መካከል ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በ2020 ሥራ ላይ ውለዋል። ለናፍጣ ሞተር የ“ሲ” ደረጃዎች ያገለግላሉ።

ሦስተኛ፣ ለለውጡ ሞተሩን በኬሚካል ማጠብ አያስፈልግም። ሞተሩ ለብ እያለ አሮጌውን ዘይት በሚገባ ማንጠፍ፣ ማጣሪያውን መለወጥና አዲሱን እስከ ምልክቱ ድረስ መሙላት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዘይቱን መጠንና ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን መከታተል ይገባል።

አራተኛ፣ በሰርቪስ ካርዱ ላይ ቀጣዩ ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ቀንም ተጽፎ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ሊሠራበት ይገባል።

አምስተኛ፣ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ተሽከርካሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ቢጓዝ እርጥበቱ እንዲተን ይረዳል። አስነስቶ ማቆም ግን ይህን አይተካም።

ስድስተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት ሲንተቲክም ሆነ መደበኛ ወደ ቱቦና ወደ አፈር መደፋት የለበትም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገልጸው ከአንድ ተሽከርካሪ በአንድ ጊዜ የሚወጣ አሮጌ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል።

በአጠቃላይ ጥቂት የተጓዘን ተሽከርካሪ ወደ ሲንተቲክ ዘይት ማዛወር አደጋ የሌለውና ቀላል ሥራ ነው። ሞተሩን የሚጠብቀው ግን የዘይቱ ስም ሳይሆን ከመመሪያው ጋር የሚስማማ ደረጃና በወቅቱ የሚደረግ ለውጥ ነው። ጥቂት ለሚጓዝ ተሽከርካሪ ወቅቱን የሚወስነው ደግሞ ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ የቀን መቁጠሪያው በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው ኃላፊዎችና አሽከርካሪዎች ይህንኑ በመገንዘብ ሊሠሩ ይገባል።