ጢስ የሌለው እሳት

ከዘንገና ሐይቅ አመሻሽ ላይ የተመለሰ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ «እሳት አለ?» እኔና ጓደኛዬም ኮሶበር በተከራየናት ጠባብ ክፍል ፍም የሞላ ማንደጃ አስገባን፣ በርና መስኮት ጠረቀምን፣ ቡና አፈላን። ጥቂት ቆይቶ ጓደኛዬ «ራሴን!» ብላ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። እንደምንም በሩን ከፍቼ ወደ ውጭ ጎተትኳት።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሣር ክዳን ቤት መሐል የሚነደው እንጨት ዓይን ያቃጥላል፤ ጢሱም በክዳኑ እየሰረገ ይወጣል። ማቃጠሉ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከሰል ግን በከተማ የተወደደው ጢስ ስለሌለው ነው። ቤቱም ብሎኬትና ኮርኒስ ሆነ፤ ቀዳዳው በጋዜጣ ተወተፈ። ማንደጃው ብቻ ያው ነው።

ብርድ ከተማ ሳይቀር አስቆርቁሯል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁር ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ማሠራታቸው በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባን ወለደ። የዙሪያዋ ደን ሲመናመን በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ መጣላት። ዛሬ ደግሞ በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው የሚተክለው ዲከረንስ በጆንያ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። ሁለቱም ዛፎች የአውስትራሊያ ናቸው (የሰው አገር እሳት ነው የምንሞቀው!)። በ1980ዎቹ የመጣችው ላቀች ምድጃ ከሰል ትቆጥባለች እንጂ መርዙን አታስቀርም።

መርዙ የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማው ጁሊያን፣ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን፣ ፓሪስ ላይ መኝታ ቤቱ ፍም አስገብቶ ለጥቂት ተርፏል፤ ራሱ ጽፎታል። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1857 ያብራራው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። እኛ «የከሰል ጢስ መታው» እንላለን፤ ገዳዩ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ደህና የቀላ ፍምም ያወጣዋል።

ታዲያ በምን እንሙቅ? ማንደጃው በረንዳ ላይ ይቅር። መብራት ካለ፣ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፤ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ተሰክቶ፣ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ ርቆ፣ ከመተኛት በፊት ጠፍቶ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደጅ የሞቀ ውኃ በላስቲክ ከረጢት፣ ከጋቢ ሥር።

በማግስቱ ማንደጃውን ስመልስላቸው አከራያችን ገረማቸው።

«እኛ እኮ ስንሞቀው ነው ያደግነው!»

«ቤቱ ምን ዓይነት ነበር፣ እትዬ?»

«ሣር ክዳን ነዋ።»