ከጉና እስከ በሽሎ፦ የአገራችን መልክና የእናቶቻችን ገበያ



የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ኑሮ ለማወቅ ከጉና መነሳት ያስፈልጋል። ተራራው ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል ግን አገሩ እየተቆራረጠ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል።

ስለዚህ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ጎረቤታሞች ናቸው። ደጋው ገብስ፣ ድንችና በግ አለው፤ ወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፤ ቆላው ማሽላና ፍየል። የአንዱ ጉድለት በሌላው የሚሞላው በገበያ ቀን ነው። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ገብሱን፣ ቅቤውንና ፈትሉን ተሸክመው ዳገት ቁልቁለቱን ሲመላለሱ የኖሩት እናቶቻችን ናቸው።

መንገድ ግን ሁልጊዜ ፈተና ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን እያስጠረጉ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ አለፈ። ሆኖም መንገዱ የሚሄደው ከፍታውን ይዞ ስለሆነ ወደ በሽሎና ዓባይ ያለው አገር ከጎን ቀረ።

ተዳፋቱ መሬት አፈሩን በጎርፍ ያጣል፤ ዝናብ ሲቀር ደግሞ ረሃብ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ብዙ እህቶቻችን እርከን ሠርተው እህልና ገንዘብ አገኙ። በዚያው ዘመን በክልላችን መሰጠት የጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተር የሚስትን ስም ከባል ስም ጋር ይዟል። ደብተሩ መብት ሰጠን፤ የእህል ዋጋን ግን አላስተካከለም።

በጥር ሁሉም እህሉን ሲያወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ በሐምሌ ጎተራ ሲጎድል ይወደዳል። ዕዳ ለመክፈል በጥር የሸጠች እህት ያንኑ እህል በክረምት አስወድዳ ትገዛለች። ድካሟ ለነጋዴ ትርፍ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የቁጠባ ቡድኖቻችን የብድር መመለሻውን ቀን ከጥር ያርቁት። ደጋፊዎቻችን ደግሞ የደጋውን ገብስና የቆላውን ማሽላ በርካሽ ጊዜ ገዝተን እስከ ክረምት የምናቆይበት የጋራ ጎተራ እንድንሠራ ያግዙን። እናቶቻችን በጀርባቸው ሲያደርጉት የኖሩትን ልውውጥ እኛ በማኅበር እንቀጥለው።