ከዛፍ ላይ ያወረደን መጋዝ

ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ እንበል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ቆርቆሮው ላይ ተጋድሟል። ንፋስ በመጣ ቁጥር ጣራውን ይፍቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል። መቆረጥ አለበት፤ በዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ይውጣ?

ለረጅም ዘመን መልሱ ያው አንድ ደፋር ሰው ነበር። መሰላል ይደገፋል፤ አንድ እጅ ግንዱን ያቅፋል፤ ሌላው እጅ መጋዝ ወይም ገጀራ ይይዛል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሲወድቅ መሰላሉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሰውየውም ሁለት እጁን ለሥራ ልስጥ ቢል የሚይዘው ነገር የለም።

ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው ገመድ አልባ ባለ ዘንግ መጋዝ «ማን ይውጣ?» የሚለውን ጥያቄ ለማስቀረት የተሠራ ነው። ረጅም ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝ፣ እጀታው ጋ ባትሪ። ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ ይቆርጣል። ሲያዩት ቀላል ነው፤ መጋዝ ዘንግ ላይ ታሰረ፣ በቃ። ግን እዚህ ለመድረስ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። መንገዱም በሐኪሞች እጅ፣ በአንድ የእንጨት ትል አፍ እና በኬሚስቶች ላቦራቶሪ በኩል ያልፋል። በመንገዱ ላይ መጋዙ ስለ ዛፍ የምናውቀውን ነገር ራሱን ቀይሮታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተቆረጠው አጥንት ነው

መጋዝን ዘንግ ላይ ማሰር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በእጅ የሚሠራው ዛሬም ይሸጣል፤ ምላጩ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የሚቆርጠውም ሲስቡት ነው። ለምን ሲስቡት? ቀጭን ነገር ሲገፋ ይታጠፋል፣ ሲሳብ ግን ይወጠራል። በወረቀት ቁራጭ ሞክሩት፣ ወዲያው ይገባችኋል። ችግሩ ድካሙ ነው። እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ መቶ ጊዜ መሳብ ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥርሱ በራሱ የሚሮጥ መጋዝ ነበር።

እንዲህ ያለው መጋዝ የተጀመረው ግን ጫካ ውስጥ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤትከን እና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች፣ ጥርስ ያላትና በሁለት ጫፏ እጀታ የተገጠመላት ቀጭን ሰንሰለት ተጠቀሙ። የምትቆርጠው አጥንት ነበር። በ1830 አካባቢ ደግሞ ጀርመናዊው በርንሃርት ሃይነ ሰንሰለቷን በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያ አዞራት፤ በእጅ በሚዞር መዘውር አንቀሳቀሳት። ያን ጊዜ ማደንዘዣ ገና አልመጣም። ለበሽተኛው እያንዳንዷ ደቂቃ ስቃይ ስለነበረች አጥንትን በመዶሻና በመሮ ከመፈልፈል ይህ በጣም ይሻል ነበር። የሃይነን መሣሪያ ሥዕል ብታዩ የዛሬውን የሰንሰለት መጋዝ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ጠፍጣፋ መሪ ብረት፣ በዙሪያው የሚሮጥ ሰንሰለት።

ሐሳቡ በሞተር ኃይል ወደ እንጨት ሥራ የተሻገረው ቆይቶ ነው። በ1926 ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አወጣ። ክብደቱ ስንት ይመስላችኋል? 64 ኪሎ! ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው። ጫካ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሶኬት የለም። ስለዚህ በ1929 እዚያው ሽቲል ጋ የቤንዚን ሞተር ተራውን ወሰደ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ገበያውን ያዘ። ልብ በሉ፣ ሽቲል ጋ ዛሬ «አዲስ» የምንለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ከቤንዚኑ በፊት ነበር። የተሸነፈው በገመዱ ምክንያት ነው።

አንድ ሌላ ችግርም ነበር። የያኔው ሰንሰለት ጥርሶች እንጨቱን ይቧጭሩ ነበር እንጂ በደንብ አይቆርጡም ነበር፤ ቶሎ ቶሎም ይደንዙ ነበር። በ1946 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጆሴፍ ቡፎርድ ኮክስ የተባለ የእንጨት ሠራተኛ እንጨት ሲፈልጥ ጉቶ ውስጥ አንድ ወፍራም የጢንዚዛ እጭ አየ። ትሏ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫም ሆነ ቃጫውን አቋርጣ እኩል ትበላለች። ኮክስ መንጋጋዎቿን በደንብ መረመረ፤ እንደ ግማሽ ቀለበት የጎበጡ ሆነው አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይቆርጣሉ። እሱም ይህንኑ ቅርጽ በብረት ሠራው። ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ እንጨቱን የሚልጡ የጎበጡ ጥርሶች ሆኑ። በ1947 ለገበያ አቀረባቸው። ዛሬ በአብዛኛው የሰንሰለት መጋዝ ላይ የምታዩት ጥርስ የዚያች ትል መንጋጋ ዘር ነው።

ገመዱ እንዴት ተቆረጠ?

ኤሌክትሪክ ወደ ጫካው ወይም ወደ ግቢው ጥግ ለመመለስ ኃይሉን ይዞ መሄድ ነበረበት። በ1899 ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር የኒኬል-ካድሚየም ባትሪን ፈጥሮ ነበር። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው ኩባንያ በ1961 ያወጣው የመጀመሪያው ገመድ አልባ ድሪል በዚሁ ባትሪ ይሠራ ነበር። «ገመድ አልባ መሣሪያን የፈጠረው ናሳ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። የአፖሎ ተጓዦች ጨረቃን በባትሪ ድሪል የሰረሰሩት በ1971 ነው።

ኒኬል-ካድሚየም ግን ለመጋዝ ከባድ ነው። አንዱ ሴል የሚሰጠው 1.2 ቮልት ብቻ ነው። 18 ቮልት ከፈለጋችሁ 15 ሴል መደርደር አለባችሁ። የሊቲየም-አዮን ሴል ግን ወደ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ለዚያው 18 ቮልት 5 ሴል ይበቃል። የዚህን ባትሪ መሠረት የጣሉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢነፍ እና አኪራ ዮሺኖ ናቸው፤ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ሶኒ በ1991 ለገበያ ሲያቀርበው መጀመሪያ የገባው እንደ ቪዲዮ ካሜራ ባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ነበር። መጋዝ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ይህን የሚችል ሴል እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሚልዋኪ የተባለው ኩባንያ ሊቲየም-አዮንን በከባድ የእጅ መሣሪያዎች ላይ ያመጣው በ2005 ነው።

ሞተሩም ቀሏል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኒዮዲሚየም የተሠራ እጅግ ጠንካራ ማግኔት በጃፓንና በአሜሪካ በየፊናው ተገኘ። ጠንካራ ማግኔት ማለት በትንሽ ሞተር ብዙ ኃይል ማለት ነው።

ክብደቱ የት ይቀመጥ?

«ቀለለ» የምለው ለምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር ላሳያችሁ። ምህንድስና ስንማር ሁልጊዜ የምንጠየቀው «ስንት ኪሎ ነው?» ብቻ አይደለም፤ «የት ላይ ነው?» ጭምር ነው።

ዘንጉን አግድም ይዛችኋል እንበል። ጫፉ ላይ ያለው መጋዝ 2 ኪሎ ነው። የፊት እጃችሁ ከጫፉ 2 ሜትር ይርቃል፤ የኋላ እጃችሁ ከፊተኛው በግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ነው። የዘንጉን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንርሳው። የፊት እጃችሁ የሚዛን መሃል ሆነ ማለት ነው። በአንዱ ወገን 2 ኪሎ በ2 ሜትር ሲባዛ 4 ይመጣል። የኋላ እጃችሁ ይህን 4 በግማሽ ሜትር ብቻ ማመጣጠን ስላለበት የ8 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይጫናል። የፊት እጅ ደግሞ ሁለቱንም ይሸከማል፤ 2 ሲደመር 8፣ 10 ኪሎ። የያዛችሁት 2 ኪሎ፣ የሚሰማችሁ 10!

አሁን 1 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ እንጨምር። ጫፉ ላይ ከታሰረ የኋላ እጅ 12፣ የፊት እጅ 15 ኪሎ ይሆናል። የኋላ እጃችሁ ጋ ከተቀመጠስ? ባትሪው ራሱ ወደ ታች በመጫን ስለሚያግዛችሁ የኋላ እጅ ወደ 7 ይወርዳል፤ የፊት እጅ እዚያው 10 ላይ ይቆያል። ባትሪው ሸክም መሆኑ ቀርቶ ረዳት ሆነ። ለቤት በሚሸጡት በአብዛኞቹ ባለ ዘንግ መጋዞች ላይ ሞተሩ ጫፍ ላይ፣ ባትሪው እጀታው ጋ የሆነው ለዚህ ነው። በመካከላቸው ያለው ሽቦ በዘንጉ ውስጥ ያልፋል።

መጋዙ የከፈተው ዛፍ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ቆራጩ ነው። ስለሚቆረጠውስ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ቅርንጫፍን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ፣ ልሙጥ አድርጎ መቁረጥን ይመክሩ ነበር። ቁስሉ ላይ ሬንጅ ወይም ቀለም ይቀባል። ምክንያቱ ለዓይን አሳማኝ ነበር፤ ልሙጥ በተቆረጠው ዙሪያ አዲስ እንጨት ቶሎ ያብጣል፣ «ቁስሉ እየዳነ ነው» ያሰኛል። ውስጡን ያየ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛፍን አግድም መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከላይ ወደ ታች ርዝመቱን ሰንጥቆ ማየት ግን በእጅ መጋዝ አድካሚ ሥራ ነበር።

በ1959 አሌክስ ሻይጎ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ጊዜው አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው የሰንሰለት መጋዝ የተስፋፋበት ነበር። ሻይጎም በዚህ መጋዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ርዝመታቸውን ሰነጠቀ። ያየው የድሮውን ትምህርት የሚገለብጥ ነበር። ዛፍ እንደ እኛ ቆዳ የተጎዳውን ሕዋስ አያድስም። የተጎዳውን ክፍል በኬሚካልና በአዲስ እንጨት ያጥረዋል፤ መበስበሱ ከአጥሩ እንዳያልፍ ያግደዋል። ቁስሉ እስከ ዕድሜ ልክ እዚያው ውስጥ ይኖራል። ይህን ሐሳብ በ1977 በሙሉ መልኩ አወጣው።

ከዚህ የሚከተለው ለእናንተ አቮካዶ ወሳኝ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ያበጠ ቀለበት አለ። ኮሌታው የግንዱ አካል ነው፤ የዛፉ ጠንካራ መከላከያም እዚያ ነው። ልሙጥ አድርጋችሁ ስትቆርጡ ኮሌታውን አብራችሁ ታነሳላችሁ፤ መበስበሱ በቀጥታ ወደ ግንዱ ይገባል። ያ «የዳነ» የሚመስለው እብጠት የትልቅ ጉዳት ምልክት ነበር። በሌላ በኩል ረጅም ጉቶ ብትተዉ ጉቶው ይሞትና የፈንገስ ምግብ ይሆናል። ቀለሙም ቢሆን መበስበስን አያቆምም።

አሁን ወደ አቮካዶው እንመለስ

ስለዚህ ቅርንጫፉ በሦስት ቆረጣ ይወርዳል። የመጀመሪያው ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ፣ ሩብ ያህሉን ብቻ። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል፤ የሥሩ ቁርጥ ስላለ ግን ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ገሽልጦ አይሄድም። ሦስተኛው ቀሪውን ጉቶ ከኮሌታው ውጭ፣ ኮሌታውን ሳይነኩ።

ዘንጉ ቀጥ ባለ ቁጥር ለእጅ ይቀላል፤ ቅርንጫፉ ግን አናታችሁ ላይ ይመጣል። የአምራቾች መመሪያ ዘንጉ ከአግድም ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይነሳ የሚለው ለዚህ ነው። በ60 ዲግሪ የ3 ሜትር ዘንግ ጫፉ ከእጃችሁ በአግድም 1.5 ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ከቅርንጫፉ ሥር ሳይሆን ከጎን ቁሙ፤ የራስ ቁርና የዓይን መከላከያም አድርጉ። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ መጋዙን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ የእናንተ ሥራ ኮሌታው የት እንደሆነ ማሳየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ገመድ አልባ ማለት ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም። ብዙው ዘንግ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዘንጉ ወይም የሚወድቀው ቅርንጫፍ ሊደርስበት የሚችል የመብራት ሽቦ ካለ ሥራው የእናንተም የአባታችሁም አይደለም፤ ሽቦውን የሚያጠፋ ባለሙያ ይጠራ።

ማን ይውጣ? አሁን ማንም አይውጣ። የት ይቆረጥ? ይህንን ግን ዘንጉም ባትሪውም አይመልሱላችሁም። ከመቁረጣችሁ በፊት ኮሌታውን ፈልጉ።