የንጉሥ ሄሮድስ ሽበት

ሰው ከሚሸሸው ነገር ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚደርስበት እርጅና ነው። እርሱም በሚመጣበት ጊዜ እንደ ሌባ በጓሮ አይገባም፤ በፊት ለፊት መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በራስ ላይ ይቀመጣል እንጂ። ስለ ጠጕር መጨነቅ የሴቶች ነገር ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ዳሩ ግን የጥንት ታሪክ ሲመረመር ወንዶች ስለ ሽበታቸውና ስለ ራሰ በራነታቸው የተጨነቁት ጭንቀት ከሴቶቹ የሚያንስ ሆኖ አይገኝም። ይልቁንም ጭንቀቱ ሥልጣን ባለው ሰው ላይ ሲያድር ቤት እስከ ማፍረስ የደረሰበት ጊዜ አለ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ የዚህ ዓይነት ነው። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሽበት የምንለው ቃል በግእዝ ሢበት፣ በዕብራይስጥም ሴባ ይባላል፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ሽበት ላለው ሰው ተነሥተው እንዲያከብሩት ያዛል፤ መጽሐፈ ምሳሌም በ16ኛው ምዕራፍ ሽበትን እንደ ክብር ዘውድ ይቈጥረዋል። የራሰ በራውም ነገር ቢሆን አልተዘነጋም፤ በዚያው በሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ፣ ካህኑ የለምጽን ነገር ሲመረምር፣ ጠጕሩ የተመለጠ ሰው የደዌ ምልክት ካልታየበት በቀር ንጹሕ መሆኑ ተጽፏል። እንግዲህ በሕጉ ዘንድ ሽበት ክብር ነው፤ መመለጥም ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ የቤቴል ልጆች ነቢዩን ኤልሳዕን በመላጣነቱ እንደ ዘበቱበት በመጽሐፈ ነገሥት እናነባለን። ሕጉ አንድ ነገር ሲናገር የሰው አፍ ሌላ ይናገራልና።

ይህ የሰው አፍ ታላላቆችን እንኳ ምን ያህል ያስፈራ እንደ ነበረ በሮም ሰዎች ታሪክ ይታያል። ዩልዮስ ቄሣር ጋልያን ያስገበረ የጦር መሪ ነበረ። ነገር ግን የቄሣሮችን ታሪክ የጻፈው ስዌቶንዮስ እንደሚነግረን፣ ጠላቶቹ በመላጣነቱ ይቀልዱበት ስለ ነበረ እጅግ ያዝን ነበር፤ የቀረችውንም ጥቂት ጠጕር ከአናቱ ወደ ግንባሩ እያበጠረ ያወርዳት ነበር። ምክር ቤቱና ሕዝቡ ከሰጡት ማዕርግ ሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘው የድል አድራጊዎችን የቅጠል አክሊል ዘወትር ደፍቶ እንዲሄድ የተፈቀደለት ነው ይላል። ዳሩ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የድል በዓሉን ሲያከብር የገዛ ወታደሮቹ ሠረገላውን እየተከተሉ በመላጣነቱ ይዘፍኑበት ነበር። አክሊሉ ራሱን ሸፈነለት እንጂ አፍ አልዘጋለትም።

ይህ ቄሣር ከልደት በፊት በ47 ዓመት አንቲጳጥሮስ የሚባለውን የኤዶምያስ ሰው የይሁዳ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾሞት ነበር፤ አንቲጳጥሮስም ልጁን ሄሮድስን በገሊላ ላይ አዛዥ አደረገው። ሄሮድስም ከልደት በፊት በ40 ዓመት በሮም ምክር ቤት ንጉሥ ተባለ፤ በ37 ዓመትም ኢየሩሳሌምን በጦር ይዞ ነገሠ። ይኸው ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት እንዳስገደለ በማቴዎስ ወንጌል የምናነበው ነው። የቤቱን ነገር በሰፊው የጻፈልን አይሁዳዊው ዮሴፍ ፍላቭዮስ ነው፤ እርሱም በአገራችን ዜና አይሁድ በሚባለው መጽሐፍ ከሚጠራው ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጋራ አንድ አይደለም፤ ያ መጽሐፍ ግን ከዚህኛው ዮሴፍ ጽሑፍ ብዙ ወስዷል።

ሄሮድስ ማርያምኔ ከምትባለው ከመቃብያን ነገሥታት ዘር ከሆነችው ሚስቱ እስክንድርና አርስጦቡሎስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወለደ። እናታቸውን በቅናት ተነሥቶ ከልደት በፊት በ29 ዓመት አስገደላት። ልጆቹ በሮም ተምረው ሲመለሱ መልካቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የተወደደ፣ በእናታቸውም ወገን ሕዝቡ የሚያከብራቸው ጐልማሶች ሆኑ። ያን ጊዜ ሰሎሜ የምትባል የንጉሡ እኅትና ፌሮራ የሚባል ወንድሙ፣ ደግሞም ከሌላ ሚስት የተወለደው በኵሩ አንቲጳጥሮስ፣ ሁለቱ ልጆች የእናታቸውን ደም ሊበቀሉ ነው እያሉ በንጉሡ ጆሮ ነገር ያመላልሱ ጀመር። ንጉሡም በዚህ ዘመን ዕድሜው ወደ 60 ገደማ ደርሶ ጠጕሩ ሸብቶ ነበር፤ እርሱ ግን ጥቍር ቀለም እየተቀባ ሽበቱን ይደብቅ ነበር።

ሄሮድስ እጅግ የሚወዳቸው ሦስት ጃንደረቦች ነበሩት፤ አንዱ ጠጅ ያሳልፍለታል፣ ሁለተኛው ራቱን ያቀርብለታል፣ ሦስተኛው መኝታውን ያነጥፍለታል። እስክንድር እነዚህን ሰዎች በብዙ ገንዘብ ወደ ራሱ ስቧቸዋል የሚል ወሬ ለንጉሡ ደረሰውና በብርቱ ሥቃይ አስመረመራቸው። እነርሱም ሥቃዩ ሲጸናባቸው እስክንድር ነግሮናል ያሉትን አወጡ፤ ይኸውም፣ ጠጕሩን ቀለም በሚቀባ እፍረት በሌለው ሽማግሌ ተስፋ ልታደርጉ አይገባም፣ በቀለሙ ምክንያት ወጣት መስሏችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይልቅስ አልጋውን ወደምወርሰው ወደ እኔ ተመለሱ ብሎናል የሚል ነበር።

በሥቃይ የወጣ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን አስተዋይ ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ቃሉን እስክንድር ተናግሮት እንደ ሆነ ወይም ጃንደረቦቹ ከራሳቸው አፍልቀውት እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር ከዚህ ይገለጣል፤ ንጉሡ ደበቅሁት ያለው ሽበት ከጠጅ አሳላፊው እስከ መኝታ አንጣፊው ድረስ የሚታወቅ ነበር። እርሱን ፈርቶ ማንም በፊቱ አልተናገረም እንጂ።

በሌላም ምርመራ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ተሰማ። እስክንድር ከአባቱ ጋራ ሲሄድ ቁመቱ እንዳይበልጥ ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ለአደንም ሲወጡ አባቱ ከፊቱ ካለ ቀስቱን ዐውቆ ያስት ነበር ተባለ፤ አባቱ በዚህ ዓይነት ነገር መበለጥን እንደማይወድ ያውቅ ነበርና። እንግዲህ አባት ወጣት ለመምሰል ይቀባል፤ ልጅ አጭር ለመምሰል ያጐነብሳል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እውነተኛ ቃል በየት በኩል ይገባል?

እስክንድር ታሰረ። ያን ጊዜ አማቱ አርኬላዎስ የቀጰዶቅያ ንጉሥ ከሩቅ አገር መጥቶ በብዙ ብልሃት አባትና ልጅን አስታረቃቸው። ዕርቁ ግን አልቈየም። ነገር አመላላሾቹ ዳግመኛ ሥራቸውን ጀመሩና፣ ሄሮድስ ከአውግስጦስ ቄሣር ፈቃድ አግኝቶ በቤይሩት ከተማ ጉባኤ አቆመ። በዚያም አባት ራሱ ከሳሽ ሆኖ ተነሣ፤ ልጆቹ ግን ለመልስ እንኳ አልቀረቡም፤ ሞትም ተፈረደባቸው።

ጢሮ የሚባል አንድ ሽማግሌ ወታደር ይህን ባየ ጊዜ ዝም ማለት አልቻለም፤ ወደ ንጉሡ ገብቶ በግልጽ ገሠጸው። በዚህም ተያዘ። ወዲያውም ጥሪፎን የሚባለው የንጉሡ ጠጕር ቈራጭ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ጢሮ ንጉሡን በምላጭ እንዳርደው ብዙ ጊዜ መክሮኛል አለ። ከዚያ ወዲያ ጠጕር ቈራጩም ከጢሮ ጋራ ተቈጠረና በሕዝብ እጅ በድንጋይና በእንጨት ተወግረው ሞቱ። ሁለቱ የንጉሥ ልጆችም ከልደት በፊት በ7 ዓመት ገደማ ሰባስጤ በምትባለው በሰማርያ ከተማ ታንቀው ተገደሉ።

አልጋው ለአንቲጳጥሮስ የቀና መሰለ። ዳሩ ግን ዮሴፍ ስለዚህ ልጅ የጻፈው ነገር ሊረሳ የማይገባው ነው። አንቲጳጥሮስ ለእናቱ ሲያማርር፣ የእኔ ራስ ሽበት አውጥቷል፣ አባቴ ግን በየቀኑ ወጣት እየሆነ ይሄዳል፣ ምናልባት ሳልነግሥ ሞት ይቀድመኛል ይል ነበር። አባቱ የጣለውን ሽበት ልጁ ተሸክሞ ሲጠብቅ ታየ። በመጨረሻም አባቱን በመርዝ ሊገድል አስቧል ተብሎ ተከሰሰና ታሰረ፤ ሄሮድስም ልጁን ካስገደለ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ከልደት በፊት በ4 ዓመት፣ ዕድሜው 70 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሞተ።

ሄሮድስ ልጆቹን የገደለው ስለ ጠጕር ቀለም ነው ለማለት አይደለም፤ የገደላቸው በሥልጣን ፍቅርና በጥርጣሬ ነው። ነገር ግን ሽበቱን የደበቀበት ልብና ልጆቹን የገደለበት ልብ አንድ ልብ ነው። የሚሸሽገው ጠጕሩን ሳይሆን ቦታውን ለሌላ የሚለቅበትን ሰዓት ነበር። ዳዊትን እንመልከት፤ ሸምግሎ ልብስ ቢደርቡለት እንኳ አልሞቅ ባለው ጊዜ፣ አዶንያስ ሊነግሥ መነሣቱን ሲሰማ፣ ድካሙን አልሸሸገም፤ በሕይወቱ ሳለ ሰሎሞንን በበቅሎው አስቀምጦ አነገሠው እንጂ። ስለዚህ መንግሥቱ ለልጁ ጸናች።

ከዚህ በኋላ የመጡት የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ነገር ሳይነኩት አላለፉም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ሽበታቸውን ቀለም የሚቀቡትን ወንዶች ይገሥጻል፤ ራሱ ሐሰተኛ የሆነ ሰው ነፍሱን እውነተኛ አድርጎ ማሳየት አይቻለውም የሚል ነው አሳቡ። በሊቢያ አገር በቀሬና የተወለደው ሲኔስዮስ ግን ነገሩን በፈገግታ ይዞታል። ጠጕሩ ማለቅ ሲጀምር ልቡ እንደ ተነካ አልደበቀም፤ ኋላ ግን ዲዮን የሚባለው ሊቅ ስለ ጠጕር ውበት ለጻፈው መልስ ሲሰጥ የመላጣነትን ምስጋና ጻፈ። በዚያም የጥበበኞች ምስል፣ የሶቅራጥስም ጭምር፣ መላጣ እንደ ሆነ፣ ክብ የሆነም ነገር ከቅርጽ ሁሉ ፍጹም እንደ ሆነ እየጠቀሰ ይከራከራል። ይህ ሰው በ410 ዓመተ ምሕረት ገደማ የጴጤሌማይስ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ቄሣር ሸፍኖት ያልዳነበትን ነገር ሲኔስዮስ አስቀድሞ ራሱ ስለ ሣቀበት ለሌላ ሰው የሚሣቅ አላስቀረም።

ነውሩ በቀለሙ ላይ እንዳልሆነ የኋለኛው ዘመን ልማድም ያስረዳል። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ጠጕሩ በወጣትነቱ ስለ ሳሳ ሰው ሠራሽ ጠጕር ማድረግ ጀመረ፤ መኳንንቱም ተከተሉት። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጐበዛዝቱ ሳይቀሩ ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበት ነበር። እንግሊዞች በ1795 ዓመተ ምሕረት በዚህ ዱቄት ላይ በያመቱ አንድ ጊኒ ግብር ጣሉ፤ ገቢያቸው ከ100 ፓውንድ በታች የሆነ ካህናት ግን ከግብሩ ነጻ ነበሩ። ሄሮድስ የሸሸውን ነጭነት እነዚህ በገንዘብ ገዙት።

በዘመናችን የነገሩ ምክንያት በምርምር ታውቋል። ሽበት የሚወጣው በጠጕር ሥር ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት እያነሱ ሲሄዱ ነው። መመለጥ ደግሞ ከዘርና ከወንድነት ሆርሞን ጋራ የተያያዘ መሆኑን ጄምስ ሃሚልተን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1942 ዓመተ ምሕረት አስረዳ፤ ከጕልምስና በፊት የተሰለቡ ሰዎች እንደማይመለጡ አይቶ ነበርና። በ1988 ዓመተ ምሕረትም ሚኖክሲዲል የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚሁ ነገር ተፈቀደ። በመድኃኒት መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ እኛም ማንንም በዚህ አንነቅፍም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በል። በአገራችን ሽማግሌ ማለት ዕድሜው የገፋ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ የተጣሉትን በመካከል ተቀምጦ የሚያስታርቅ ማለትም ነው። ሁለቱ ትርጕም በአንድ ቃል የተያዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለራሱ የሚሻማው ነገር የቀረለት ሰው ለሌላው መፍረድ ይችላልና። ሄሮድስ ሽማግሌ መባልን እንቢ ባለ ጊዜ ከልጆቹ ጋራ እንደ እኩያ ተፎካካሪ ሆነ፤ በቤቱም ሽማግሌ ጠፍቶ አስታራቂ ከቀጰዶቅያ መምጣት አስፈለገው። እውነቱን ሊነግረው የደፈረውን ሽማግሌ ወታደርም ገደለው። በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሹመቱም ሥፍራ ራሱ የነጣ ሰው ሁሉ በመስተዋት ፊት በቆመ ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው ይህን ይሁን፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው በፊቴ ቀጥ ብሎ ይሄዳልን? ወይስ ያጐነብሳል?