የሐይቅ ዓሣዎች በክሮሞሶም ሲቆጠሩ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምባሰል አቅራቢያ የሚገኘው ሐይቅ የተባለው ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ቀረሶ የተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ አምባዛና ካርፕም ይኖሩበታል። ሦስቱን ዓሣ አስጋሪ ሁሉ በዓይኑ ይለያቸዋል። ሕዋሳቸውም ልዩነቱን ይመሰክራል፦ ቀረሶ 44፣ አምባዛ 56፣ ካርፕ 100 ገደማ ክሮሞሶም አላቸው።

ለቆጠራው ከዓሣው ኩላሊት ወይም ስንጥብ ሕዋስ ይወሰዳል። ኮልቺሲን የሕዋሱን ክፍፍል መሀል ላይ ይገታል፣ ስስ የጨው ውሃ ያሳብጠዋል። ከዚያም መስታወት ላይ ተንጠባጥቦ በጊምሳ ቀለም ሲነከር፣ ክሮሞሶሞቹ በማይክሮስኮፕ ተበታትነው ይታያሉ።

ዘዴው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዓይን ሲሳሳት ነው። ባርብ የሚባሉት የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ትልልቅና ትንንሽ ዓሣዎች ለረጅም ጊዜ ባርበስ በሚል አንድ የወገን ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ተመራማሪዎቹ ጎሉብትሶቭና ክሪሳኖቭ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ግን ትንንሾቹ 50 ገደማ፣ ትልልቆቹ 150 ገደማ ክሮሞሶም እንዳላቸው አሳዩ። ሦስት እጥፍ! የትልልቆቹ ሕዋስ የክሮሞሶሙን ስብስብ በስድስት ቅጂ ይይዛል፤ የትንንሾቹ በሁለት ብቻ። ስለዚህ ትንሿ ባርብ የትልቁ ጫጩት ልትሆን አትችልም፤ ሌላ ዘር ናት። ትልልቆቹ ዛሬ ላቤኦባርበስ ይባላሉ።

ቁጥር ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። የጣና ላቤኦባርበሶች ሁሉም ባለ ስድስት ቅጂ በመሆናቸው እርስ በርስ የሚለዩት በአፋቸው ቅርጽ፣ በአመጋገባቸውና እንቁላል በሚጥሉበት ቦታ ነው።